የካፒቴኑ አስራ አንድ ደብዳቤዎች

ቶሮንቶ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ሥራዬ የአንዲት ባልቴት እጅና ዓይን መሆን ነበር። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላቸዋለሁ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ አነብላቸዋለሁ። ጋዜጣ ቢሆን ደግ ነበር። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆዩ የአንድ ቅድመ አያታቸውን ደብዳቤዎች ነበር።

ሰውየው በአስራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የንግድ መርከብ ካፒቴን ነበር። በአስራ ሁለት ዓመቱ የመርከብ ወለል ሊያጥብ ገባ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ መርከቧን ተረከበ። በጨው የደረቀ ዓሣና ጣውላ ወደ ሞቃቶቹ ደሴቶች ያደርሳል፣ ስኳርና ሩም የሚሉትን የስኳር አረቄ ጭኖ ይመለሳል። ስኳሩን እነማን እየተገረፉ እንደሚያመርቱት በደብዳቤዎቹ ውስጥ አንድ ቃል የለም፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ግን ሁለት ገጽ ሙሉ አለ። ስድስት ልጆች አሉት፤ ባልቴቷ እንደሚሉት ስድስቱም ሲወለዱ እሱ ባሕር ላይ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ ዳድቶኝ፣ ሥራዬን ስለምወድ ማንበቤን ቀጠልኩ።

በመጨረሻው ጉዞው ላይ ሳለ ሚስቱ ሞተች። ወንድሙ የመርከቧ ባለድርሻ ስለነበረ፣ ካፒቴኑ ጭነቱን ጥሎ እንዳይመለስ ብሎ ነገሩን ደበቀው። ካፒቴኑም ለሟቿ አስራ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ልጆቹን ሳሚልኝ ይላል። የላክሁልሽ ጫማ ልክሽ ሆነ ወይ ይላል። ወንድምየው በየጊዜው «ደህና ናት፣ እጇን አሟት ነው የማትጽፈው» እያለ ይመልስለታል።

«እንዴት ያለ ጭካኔ ነው» አሉ ባልቴቷ።

እኔ ጭካኔው አልታየኝም። በእኛ አገር መንገደኛ ብቻውን እያለ መርዶ አይነገረውም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ይህን በኩራት አስረዳኋቸው። ወንድምየው የሀበሻ ደም ሳይኖርበት አይቀርም አልኩ። የናቅሁት ካፒቴኑን ነው።

«ዓመት ሙሉ የሚስቱ እጅ ሳይሻለው ሲቀር እንዴት አይጠረጥርም? ይሄ ነው ኮከብ አይቶ መርከብ የሚመራው?»

ባልቴቷ ሳቁ። የመጨረሻው ደብዳቤ «መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ» ብሎ ነው የሚያበቃው። ይህችንም ቃል አነበብኩና አንድ ላይ ሳቅን።

በዚያው ክረምት በየእሁዱ የስልክ ካርድ እየፋቅሁ አዲስ አበባ እደውል ነበር። አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአልጋ እስከ በረንዳ ለመሄድ ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። ስልኩን የሚያነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው።

«አባባ ተኝተዋል» ይለኛል።

«እሺ፣ አትቀስቅሷቸው።»

በሚቀጥለው እሁድ ጠበል ሄደዋል። ከዚያ ሰርግ ተጠርተዋል። ከዚያ ክፍለ አገር ዘመድ ሊጠይቁ ወርደዋል። አባቴ በዕድሜያቸው ሙሉ እንደዚያ ክረምት ተዘዋውረው አያውቁም። ጠበል ሄደዋል በተባልኩበት ቀን እንኳ አፌ ለምዶ «አትቀስቅሷቸው» አልኩ፤ ወንድሜም «እሺ» አለኝ። ወፍራም የሱፍ ካፖርት ገዝቼ በሰው ላክሁ።

«ልካቸው ሆነ ወይ?»

«ልክክ ብሏል» አለ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማዬ በር ተንኳኳ። ስድስት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከፊት የቆሙት የእድራችን ሽማግሌ ናቸው፤ አጠገባቸው ክረምቱን ሙሉ ኤሌቬተር ውስጥ ስለ ብርዱ ስታወራኝ የከረመችው ጎረቤቴ አለች። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኼ ወለሉ ላይ ወደቅሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቆየንብሽ አይደል? መጀመሪያ ደብል ሺፍት ነበርሽ። ከዚያ በማታ ትምህርቷ ኤግዛም አለባት ተባለ። ከዚያ ደግሞ ስኖው ሆነና እኚህ ሽማግሌያችን ድራይቭ ማድረግ አልቻሉም። ዛሬ ኦፍ መሆንሽንም ሥራ ቦታሽ ኮል አድርጌ ነው ቼክ ያደረግሁት።»

አባቴ ከሞቱ አምስት ወር ሆኗቸው ነበር። ካፖርቱን ወንድሜ ይለብሰዋል። ልክክ ያለው በሱ ላይ ኖሯል።

ከሳምንት በኋላ ሥራ ገባሁ። ባልቴቷ ነገሩን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ያለ ክፋት፣ «አልጠረጠርሽም?» አሉኝ።

በካፒቴኑ ላይ ያነሳሁትን ጥያቄ ነው መልሰው ለእኔ ያቀረቡልኝ። እንደ ወትሮው የደብዳቤዎቹን ፋይል አወጣሁና አስራ አንደኛውን ደብዳቤ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ነፋሱ አነበብኩ፣ ስለ ጉልበቱ አነበብኩ። «መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ» የሚለው ጋ ስደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ ያንኑ መስመር ደግሜ አነበብኩ።

ሰውየው ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ወንድሜ አንድ ሁለቴ «ስሚ፣ እህቴ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ «አትቀስቅሷቸው» እያልኩ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።