አክስቴ ለሮክ ባንድ ግጥም የሰጡ ዕለት

ሽማግሌ የላከብኝ ሰው በያጅ ነው። ቡሬ ላይ የብረት በር ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። የብየዳ ፍንጣሪ የበሳውን ሱሪ ያመጣልኛል፣ እኔ እጠግንለታለሁ። በኋላ በኋላማ ከሱሪው ጥገናው በልጦ ነበር። «ደህና ዋልሽ» እና «ተባረኪ» ከማለት በቀር አፉን ከፍቶ አያውቅም። እኔም «አሜን» ብዬ መርፌዬ ላይ አቀረቅራለሁ። እንግዲህ ይህን የሚያህል ጨዋታ ተጫውተን ነው የወደድኩት።

አባቴ ነገሩን ለታላቅ እህታቸው ጣሉት። አክስቴ በሠርግ ቤት ግጥም በመስጠት የታወቁ ናቸው፤ እርሳቸው ሲገቡ አዝማሪው ራሱ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ስለ በያጁ የሰሙት ግን አልጣማቸውም።

«ዝምተኛ ነው አሉ። አንቺም ዝምተኛ። ሁለት ዝምተኛ አንድ ቤት ገብቶ ጨው አቀብለኝ የሚለው ማን ነው?»

ለሽማግሌዎቹ መልስ የሚሰጠው እሑድ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ የሮክ ኮንሰርት አለ፣ በያጁም እዚያ ከበሮ ይመታል ሲባል ሰሙ። «እንግዲያውስ በዓይኔ አይቼ ልፍረድ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ኮንሰርቱ በአንድ ሆቴል ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ገና መሣሪያ ሲሞከር አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት» አለ። አክስቴ አጨበጨቡለት።

«ግጥሙ አጠረ እንጂ ድምፁስ ደህና ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ባንድ ከባሕር ዳር የመጣ ነበር። ጊታር መቺው ረጅም ፀጉሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲወረውር አክስቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ ያዙት! ይህን ልጅ ጠበል የሚወስደው ዘመድ የለውም?»

«አክስቴ፣ ዘፈኑ እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ዘፈኑ ነው ያመጣበት!»

የሁለተኛው ባንድ ዘፋኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጫማውን እያየ ዘፈነ። አክስቴ አዘኑለት። «ቀለበት ጠፍቶት ይሆናል፤ እስቲ እናፈላልገው» ሲሉ ከኋላችን ያሉት ወጣቶች በሣቅ ወደቁ። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ።

ሦስተኛው የእኛዎቹ ባንድ ነው። በያጁ ከኋላ፣ ከድራሙ ጀርባ ተቀምጧል።

«የቱ ነው?»

«ያ… ከኋላ ያለው።»

«ክንድ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እሱ ነው፣ ክንዱ።»

«ክንዱስ ተገኘ፤ ሰውየውስ?»

አንድ ዘፈን እንዳለቀ አክስቴ ተነሥተው ቀጥ ብለው መድረኩ ሥር ሄዱ። እጃቸውን አነሡ። «ተቀበል!» አሉ ለዘፋኙ።

ከበሮው ይጮኻል ጌታው ዝም ብሎ፣
ሚስት ሊያገባ ነው ወይ በእጁ አባብሎ?

በእኛ አገር ግጥም የተሰጠው ዘፋኝ ውዳሴም ይሁን ስድብ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። አለመቀበል የጎረሱትን መትፋት ነው። ይህኛው ዘፋኝ ግን ፈገግ አለና «እናመሰግናለን እናታችን!» ብሎ ወደ ጊታሮቹ ዞረ። አዲስ ዘፈን ጀመሩ።

አክስቴ እጃቸውን አጣምረው እዚያው ቆሙ። አስተናባሪው መጣ።

«እማማ፣ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ።»

«ግጥሜን ሳይቀበል? ሬሳዬ ይቀመጣል!»

እዚያ ዘመዳቸው እኔ ብቻ ነኝና ሄጄ ነጠላቸውን ጎተትኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። «ተይኝ!» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ሰው ካለበት ማኅበር ልጅ አልድርም።»

በዚህ ጊዜ ድራሙ ቆመ። ጊታሮቹ ጥቂት ብቻቸውን ከሄዱ በኋላ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በያጁ ዱላዎቹን እንደያዘ ወደ ፊት መጣና ማይኩን ተቀበለ። ላቡ እስከ ጆሮው ወርዷል።

«ከበሮው ይጮኻል… ጌታው ዝም ብሎ…»

ድምፁ የወባ ትንኝ ያህላል። ከዚያ «ሚስት…» አለና እኔን አየኝ፤ ቀሪውን ሳይጨርስ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ሕዝቡ ጠበቀ። አክስቴ ጣታቸውን አነሡ። አውቃቸዋለሁ፤ ግጥሙ በግማሽ ከቀረ የእኔም ነገር በግማሽ ይቀራል።

ሰው ሰላም እንዳልል ፈርቼ በጓሮ መንገድ ገበያ የምሄደዋ ሴት ምን እንደነካኝ እንጃ፣

«ሚስት ሊያገባ ነው ወይ በእጁ አባብሎ!» ብዬ ጮኽኩ።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። በያጁ ሮጦ ድራሙ ላይ ተቀመጠ፣ ጊታሮቹ ተከተሉት፣ ሕዝቡ የአክስቴን ግጥም እየደጋገመ ዘለለ። ያ ፀጉራሙም ከመድረኩ ጀርባ ወጥቶ ራሱን ናጠላቸው። አክስቴ በእስክስታ መለሱለት።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ድምፁ ቀጭን ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ግማሹን ረሳው።»

«አልረሳውም፤ አፍሮ ነው።»

«የአንቺስ እስከ ጅጋ ሳይሰማ አልቀረም። ለመሆኑ ነገ ምን ልበላቸው?»

አቀረቀርኩ።

«አልሰማሁሽም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያላፈርሽ እኔን ልታፍሪ ነው?»

«እሺ ይበሉልኝ» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ከኋላ ወንበር ያሉ እናት እልል አሉ፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለኝ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሙሽራ መሆኔን አወቀ። በያጁ ብቻ አላወቀም፤ እሱ ገና ፍኖተ ሰላም ላይ ድራሙን እየፈታ ነበር።