ቤቱ ከዕዳ ሲወጣ

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እህል ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ ቀኝ እግሩን አጣ። እኔ ያኔ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሥራ የለውም፤ በወጉ ያላለቀው ቤታችን ደግሞ የባንክ ብድር ነበረበት።

ያተረፈን ብድሩ ሲወሰድ አብሮ የተገባው ኢንሹራንስ ነው። ተበዳሪው ቢሞት ወይም መሥራት ቢያቅተው ቀሪውን ዕዳ ኢንሹራንሱ ይከፍላል የሚል ውል ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ ገንዘቡ በቀጥታ ለባንኩ ተከፈለ፤ ባንኩም የቤቱን ካርታ መለሰልን። ያን ቀን እናቴ ደጅ ቆማ ቤቱን ገና ዛሬ እንደገዛችው ስታየው ትዝ ይለኛል።

ቤቱ ተረፈ፤ የምንበላው ግን አልነበረም። በዚያ ሰሞን በከተማችን ለድሃ ቤተሰቦች የሴፍቲኔት ምዝገባ ተጀመረ። የተመረጠ ሰው ቦይ እየጠረገ፣ ችግኝ እየተከለ በየወሩ ይከፈለዋል። እናቴ ልትመዘገብ ስትነሳ አባቴ፣

"ሰው ምን ይለናል?" አላት።

"ሰውማ እስከ ዛሬስ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከተመዝጋቢዎቹ መካከል ስሟ ሲነበብ አንድ ጎረቤታችን እጁን አወጣ።

"እሷማ ኢንሹራንስ ተከፍሏታል። የባሰበት እያለ እንዴት ትገባለች?"

ሰዉ አጉረመረመ። ተረጂዎችን የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። "እውነት ነው እህቴ?" አሏት።

"እውነት ነው አባቴ፤ ተከፍሏል። የተከፈለው ግን ለባንኩ ነው፤ በእጄ የገባ ሳንቲም የለም። ቤቱ ከዕዳ ወጣልኝ። ግድግዳውን ቆርሼ ለልጆቼ አላበላ ነገር!"

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። እሷ አልሳቀችም። ሰብሳቢው "በሉ፣ ነገ መጥተን እንየው" አሉ።

በማግስቱ ኮሚቴዎቹ ሲመጡ አባቴ በቁጣ ይናገራቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ክራንቹን ተደግፎ ተነሳና መቀመጫ አቀረበላቸው። "ያ ገንዘብ የእግሬ ዋጋ ነው። እኔ ግን መልኩንም አላየሁት። ባንኩ ሄዳችሁ ጠይቁ" አለ። ያልተለሰነውን ግድግዳና የአፈሩን ወለል አይተው፣ አዝነው ሊወጡ ሲሉ እናቴ ከበሩ ላይ አስቆመቻቸው።

"ያልጠየቃችሁኝም አለ። የጓሮዋን ክፍል ከገጠር ለመጡ ሁለት ተማሪዎች አከራይቻለሁ። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም ገቢ ናት።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ቀሚሷን ከኋላ ጎተትኳት።

"ይህን ባትነግሪን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?" አሏት ሰብሳቢው።

"ነገ ሌላ ሰው ሲነግራችሁ፣ የባንኩንም ነገር ዋሽታናለች ትላላችሁ" አለቻቸው።

ኮሚቴው ባንኩን ጠየቀ። ለባንኩ የተከፈለውን እንደ ገቢ አልቆጠሩባትም፤ የክፍሏን ኪራይ ግን ቆጠሩ። እሱም ተቆጥሮ ቤተሰባችን ከሚረዱት ወገን ሆነ። የምሥራቹን ይዞ የመጣው ያው የተቃወማት ጎረቤት ነው። እናቴ ተቀብላ ምሳ አበላችው፤ ያለፈውን አንድም ቃል አላነሳችበትም።

ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ቦይ ስትጠርግ ከትምህርት ቤት ስመለስ አገኛት ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሳለሁ እንኳ አካፋዋን ከፍ አድርጋ "ልጄ! ምሳሽ ከሌማቱ ውስጥ ነው!" ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ፊቴ ይቀላ ነበር። ቆይቶ ግን ቀድሜ የምጠራት እኔ ሆንኩ።

የሴፍቲኔቱ ሥራ ሲያበቃ በተሰጣት የመቋቋሚያ ገንዘብ ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ገዛች። አባቴ ዛሬ ደጃችን ላይ ተቀምጦ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። ብሎኑን የምትፈታው፣ ጎማውን የምታወርደው እሷ ናት። እንግዳ የሆነ ሾፌር "እሜቴ፣ ይተዉት እኔ ልፍታው" ሲላት፣ አባቴ ቀና ይልና "ተዋት፣ ከአንተ ትሻላለች" ይለዋል።