ነፃ ይሁን፣ ነፃ ይውጣ

የታሰርኩበት ቤት እስር ቤት አልነበረም፤ ከወሎ ለመጡት ሰፋሪዎች የሚታደል በቆሎ ይቀመጥበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። በቆሎው ወጥቶ እኛ ስንገባ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ እዚያው ቀርቶ ነበር። ቀን ቆርቆሮው ሲግል ሽታው ይነሣና ዓይን ያቃጥላል። የአሶሳን ሙቀት አውቃለሁ የሚል ሰው እዚያ ውስጥ አንድ ቀን ይዋል።

ያሳሰረኝ ጭብጨባ ነው። አናጢ ነኝ፤ የወለጋ ኦሮሞ ልጅ ስሆን በዚያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ የከተማው ነዋሪዎች ማኅበር ምክር ቤት አባል ነበርኩ። የዚያን ዕለት ጠዋት የተሰበሰብነው ስለ ቤት ግብር ልንነጋገር ነው። ሊቀ መንበሩ በዋናው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት የሚሠራ ሰው ለጥቂት ዓመታት ከግብር ነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከተማዋ እንድታድግ ነው አለን። የቆርቆሮ ቤት ለመሥራት አቅም ያላቸው እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

ያኔ ሼሁ ተነሡ። የአገሩ ተወላጅ፣ የጨው ነጋዴ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው።

«ቆርቆሮ ብቻ ለምን?» አሉ። «ቀርከሃም ቤት ነው። ጎረቤቴ አንድ ሴትዮ አለ፣ ባሉ ሞተ፣ ቀርከሃ ቤት ሠራ። እሱ ይከፍላል፣ ቆርቆሮ አይከፍልም? ወላሂ ልክ አይደለም። አሶሳ ሁሉ ነፃ ይውጣ።»

ሴትዮዋን ወንድ ስላደረጓት ሰው ይስቅ ነበር። በመጨረሻዋ ቃል ላይ ሳቁ ቆመ። «ነፃ ይሁን» ማለታቸው ነበር፤ በአንዲት ቃል ስሕተት ከግብር ወደ ሽፍትነት ተሻገሩ። በዚያ ዘመን አገር ነፃ ይውጣ የሚለው ጫካ የገባ ሰው ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ለእኔም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነውና የገባኝ ሐሳባቸው ነበር፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሁለታችንንም ከስብሰባው ወሰዱን፤ በማግስቱ ጠዋት እኔን መርማሪ ፊት አቀረቡኝ። ያጨበጨብኩበትን ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋኝ።

«ነፃ ይውጣ ብሏል?»

«ብለዋል። ከግብር።»

ሽመሉ ጣቶቼ ላይ አረፈ። ቤት ስንሠራበት ቀርከሃ የምንለውን፣ ሰው ሲመቱበት ሽመል ይሉታል።

«አንቱ የምትለው አባትህ ነው? ከግብር የምትለዋን ተዋትና ወደ ቤትህ ሂድ። ብሏል?»

«ብለዋል። ከግብር።»

የሚፈልገው ምስክር ነው። ያችን ቃል ካስቀረሁ እኔ እወጣለሁ፣ ሼሁ ይረሸናሉ። ጀግና አልነበርኩም፤ ሱሪዬ ላይ ሸንቻለሁ። ነገር ግን ቃሏ ከአፌ አልቀር አለች። የእጄ አጥንት ሲሰበር ደረቅ ጣውላ ሲሰነጠቅ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ስንቴ እንደመታኝ አላውቅም።

ወደ መጋዘኑ ሲመልሱኝ ሼሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ውስጥ እግራቸው በግርፋት ተልጦ መቆም አይችሉም፤ የፊት ጥርሳቸውም የለም። ጥምጣማቸውን ፈትተው እጄን አሰሩልኝ።

«ማሌሽ፣ ያ ኡስታ» አሉኝ። አናጢ ስለሆንኩ ኡስታ ነበር የሚሉኝ፤ ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው። ቀጥለው «ምን ማለት ነበረብኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነፃ ይሁን።»

«ይሁን... ይሁን።» እስኪለምዱት ድረስ ደጋገሙት።

«ይሁን ካሉ ግብር ነው፤ ይውጣ ካሉ ጦርነት ነው» አልኳቸው።

«ትንሽ ቃል ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ወሰዱን። መርማሪው ሼሁን አልነካቸውም። እሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጦ የእኔን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ምን ነበር ያልከው?» አላቸው እያያቸው።

ሼሁ እጄን አዩ። ሽመሉ ወረደ፤ ጮህኩ። አሁንም ጠየቃቸው፣ አሁንም ሽመሉ ወረደ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ «ይሁን» አልኳቸው። ሁለቱ እጆቼ ከሄዱ አናጢነቴም ሄደ።

ሼሁ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። በዚያ እግር ቆሙ።

«ልጁን ተው» አሉ። «እሱ ያጨበጨበው ለግብር ነው፣ አማርኛ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አሶሳ ነፃ ይውጣ።»

ይህን ጊዜ አልተሳሳቱም። መርማሪው ሽመሉን አስቀመጠ፤ ከባለቤቱ አፍ ካገኘው በኋላ የእኔ ምስክርነት ምን ያደርግለታል። እኔን በዚያው ሰሞን ለቀቁኝ። እሳቸውን በጭነት መኪና በባምባሲ መንገድ ወሰዷቸው፤ መቃብራቸውን ያየ ሰው የለም።

በቀረችልኝ ግራ እጄ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ የአብዛኛው ጣራ ቆርቆሮ ነው። ዛሬም ጣራ ላይ ሳለሁ አስታውሳቸውና አለቅሳለሁ። ባለፈው የከተማው ምክር ቤት ፎቅ የሚሠሩ ባለሀብቶች ከግብር ነፃ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ እያለ ሲከራከር፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተጋብዤ ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ፣ «ቀርከሃም ቤት ነው። እሱም ነፃ ይውጣ» አልኩ።

መድረኩን የምትመራው ልጅ ፈገግ አለች። «አባባ፣ ነፃ ይሁን ለማለት ነው?»

«አይደለም ልጄ» አልኳት።