ያልተገላበጠችው ታማሚ

ባለቤቴ ሆስፒታል ትሥራ እንጂ በሽተኛ አይቷት አያውቅም። ቢሮዋ ከደረጃው ሥር ነበር፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ኮቴው ከራሷ በላይ ይሰማታል። በሽተኛው ድኖ ሲወጣ ወይም ሲሞት ካርዱ ወደ እሷ ይወርዳል። ሐኪሙ የጻፈውን፣ ነርሶቹ የመዘገቡትን ከዳር እስከ ዳር ታነብና እያንዳንዱን ሕመም በተመደበለት መለያ ቁጥር፣ በኮዱ፣ ታስገባለች። እዚያ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከዘበኛው ጀምሮ «እትዬ ኮድ» ነው የሚሏት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ቤት ነው። ማታ ስትመጣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትረሳውና ቤቱን ስታምስ ዝም ብዬ አያት ነበር።

ከሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት የመኝታ ቁስል ነው። ሰው ሳይገላበጥ አንድ ቦታ ተኝቶ ሲቆይ አጥንቱ ቆዳውን እየተጫነ የሚያመጣው ቁስል ማለት ነው። የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደጠለቀ መለየት አለበት። ከዚያ ደግሞ ጭቅጭቅ የማያጣው ጥያቄ ይመጣል፤ በሽተኛው ይዞት መጣ ወይስ እዚሁ ተኝቶ ሳለ ወጣበት? ይዞት ከመጣ ሆስፒታሉ አይጠየቅም። እዚህ ከወጣበት ግን ያላገላበጠው ማነው ተብሎ ይፈለጋል።

«ሰው ሁሉ ጉንፋን ብቻ ቢይዘው ጠላት አይኖረኝም ነበር» ትለኝ ነበር።

ታናሽ እህቷ እዚያው ነርስ ነበረች። እናታቸው ስትሞት ሕፃን ስለነበረች ያሳደገቻት ባለቤቴ ናት፤ እኛም አልወለድንምና የቤታችን ልጅ እሷው ሆነች። «ሚጣ» እንላታለን፤ አድጋም አልተውነውም። ጨዋታ አዋቂ ናት። እራት ላይ የሆስፒታሉን ሰው ሁሉ በድምፁ እየመሰለች በሳቅ ትገድለናለች። አንድ ማታ ዳሌዋ ተሰብሮ ስለመጣች አንዲት አሮጊት አወራችልን።

«ገና እጄን ሳነሳ ጩኸቷ ጣሪያውን ሊያነሳው! ቅጹ ገላብጠሽ ጀርባዋን እዪ ይላል። በምን አቅሜ? አብራኝ የነበረችው ልጅ ሌላ ክፍል ጠርተዋታል። ‹እሺ እማማ፣ ይረፉ በቃ› አልኩና ‹ቆዳዋ ደህና ነው› የሚለው ላይ ራይት አድርጌ ውልቅ።»

«አንቺ ሰነፍ!» አለቻት ባለቤቴ፣ እየሳቀች።

ሁላችንም ሳቅን። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

አሮጊቷ ወደ ልጇ ቤት ስትመለስ ካርዷ ከደረጃው ሥር ወረደ። የመጀመሪያው ቅጽ ቆዳዋ ደህና ነው ይላል፤ የፈረመችው ሚጣ ናት። በማግሥቱ ጠዋት የሌሊት ተረኛዋ የጻፈችው ግን ከወገቧ በታች የጠቆረ፣ የጠለቀ ቁስል እንዳለ ነው። ይህችን ተረኛ «ባትሪዋ» ይሏታል። የተኛ ሰው እንዳይነቃ መብራት ሳታበራ በእጅ ባትሪ የምትዞር፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። በወረቀቱ ከተሄደ ቁስሉ የወጣው በእሷ እጅ ነው። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗም ጠርታ «ሌሊቱን ሙሉ ተኝተሽ ነው እንጂ» ብላታለች፤ ከሥራ ልትባረር ነው ተባለ።

ካርድ ክፍል የራሱ ደንብ አለው። ኮድ የምትሰጠው ሠራተኛ ያልገባትን ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለች፤ መልሱን ግን ልታጎርሰው አይፈቀድላትም። እራት ላይ የሰማችውንማ ጭራሽ ልታስገባው አትችልም። ባለቤቴ ቁስሉ መቼ የመጣ ነው ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም «ነርሷ አይታ ደህና ነው ካለች እኔ ምን ልጨምር?» ብሎ መለሰላት።

ያን ዕለት ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ሚጣ ሳህን ታጥባለች።

«የዚያችን አሮጊት ካርድ አየሁት» አለቻት።

«እና?»

«እንዲያ የጠለቀ ቁስል ባንድ ሌሊት አይወጣም። ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው። አንቺ ስላላገላበጥሻት ነው ያልታየው።»

«እኔ አላቆሰልኳት፣ እታለም!»

«ባትሪዋስ አቁስላታለች?»

ሚጣ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «እሺ፣ ነገ ገብቼ የድሮውን ቅጽ ላስተካክለው፤ ቁስል ነበረ ብዬ» አለች።

«ያላየሽውን? አይሆንም። በነገው ቀን፣ በአዲስ ወረቀት፣ ሳልገላብጣት ነው የፈረምኩት ብለሽ ጻፊ።»

«ገመዱን ራሴ ላጥልቀው ነው የምትይኝ? ያንቺ ሥራ የተጻፈውን ኮድ መስጠት አይደል? ተጽፏል። ስጪ።»

«ነው» አለች ባለቤቴ። «ሥራዬስ እሱ ነው።»

ግን አልሰጠችም። ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ አቆየችው። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ «እትዬ ኮድ፣ ታቀፍሽው እኮ! መቼ ነው የሚፈለፈለው?» እያለ ይመላለስባት ጀመር። ሄዳ ለማትሮኗ ብትነግር ያሳደገቻትን ልጅ ማስባረሯ ነው። ዝም ብትል ምንም ያላጠፋች ሴት ልትወጣ ነው። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣም። እኔም በማያገባኝ አልገባሁም።

ከዚያ ሚጣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ከባትሪዋ ጋር ተገናኘች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ባትሪዋ ልትለቅ ሳጥኗን ባዶ እያደረገች ነበር። ሚጣ የተቆጣችባት መስሏት ፈርታ ቆመች። ሴትየዋ ግን ቀና ብላ «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺን ማንም አይነካሽም። አንቺማ አይተሻታል። የኔ ዓይን ነው የደከመው፤ ሌሊት ሳላገላብጣት አልፌ ይሆናል» አለቻት።

ሚጣ ተራዋን ሳትጀምር ወጣችና ጻፈች። እንዳላየች፣ እንዳላገላበጠች፣ ሳታይ እንደፈረመች። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ለጥያቄው አዲስ መልስ ሰጠ። ባለቤቴም በሽተኛዋ ቁስሉን ይዛው እንደመጣች መዝግባ ካርዱን ዘጋችው። ባትሪዋ ሥራዋ ላይ ቀረች። ሚጣ ከሥራ ተሰናበተች።

ሌላ ከተማ ትንሽ ክሊኒክ ቀጠሯት። ሻንጣዋን ስታወጣ እኔን ስማ «ጋሼ፣ ደህና ሁን» አለችኝ። አንቺ ስትላት ያደገችውን እህቷን ግን «ደህና ይሁኑ» ብላት ወጣች። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየችም። ልቧ ነው አሉ። ሚጣ ለቀብር መጥታ ከሴቶቹ ጀርባ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ተመለሰች።

አሁን እየደወለች በላህ ወይ፣ ጋዙን ዘጋህ ወይ ትለኛለች። የእህቷን ነገር አታነሳም ነበር። ባለፈው ግን ድንገት «ጋሼ፣ እታለም ‹ሚጣ ደግ አደረገች› ብላህ ታውቃለች?» አለችኝ።

አዎ ብላት ደስ ይላት ነበር። ግን አላለችኝም።

«አላለችም» አልኳት። «ካርዱን የዘጋች ዕለት ግን አንቺ ሳትገቢ ከሥራ መጥታ ያንቺ ክፍል ገባች። ጨለማው ውስጥ አልጋሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። እራት ቀርቧል ብላት አልመጣችም።»

«ምንም አላለችም?»

«ምንም።»

 ስልኩን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።