የእትዬ ዘርፌ የዝናብ ኮት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ በጾም ቀን የበላሁትን ቺዝ ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። የዋሸሁት አንዲት ቃል ናት። «አላገኘሁም» አልኩ። አግኝቼ ነበር።

መምህር ነኝና ከመጀመሪያው ላስረዳ። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ስለ ትልልቅ መደብሮች የማስተምረውን ነው። ድሮ ቀሚስ የፈለገች ሴት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ትለካ ነበር። ኋላ ባለ ብዙ ፎቅ መደብሮች ተከፈቱ፤ ሴት ባትገዛም ገብታ የምትዞርባቸው፣ ልብሱ አስቀድሞ ተሰፍቶ የሚጠብቅባቸው። ለማንም ሳይለካ የተሰፋ ልብስ ግን «ይህ ያንቺ ነው» ብሎ የሚያሳምን ሥዕል ያስፈልገዋል። የሴቶች ልብስ ማስታወቂያ ሥራው ይኸው ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለኝ፦ ሥዕሉ ላይ ያለችው ማን ናት? የሌለችውስ?

የዛሬ ሦስት ዓመት ይህንኑ ትምህርት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አቀረብኩ። ዘመኑን በሦስት ቀለም የከፈልኩበት ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። መጨረሻ ላይ በልበ ሙሉነት፣ «በዚህ ሁሉ ዘመን እኛን የምትመስል ሴት በማስታወቂያዎቹ ላይ አንዲትም አልነበረችም» አልኩ።

ከኋላ እትዬ ዘርፌ እጃቸውን አወጡ። ረጅም ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ነበራቸው። ዴልፍስሃቨን በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ የአንድ መደብር ፎቆች ሲያጸዱ ነው የኖሩት።

«እኔ ነበርኩ» አሉ። «የዝናብ ኮት አልብሰው ፎቶ አንስተውኛል። በየቤቱ ፖስታ ሳጥን ገብቷል።»

አዳራሹ ሳቀ። «መጥረጊያውንም አብረው አነሱት ወይ፣ እትዬ ዘርፌ?» አለ አንዱ። እዚሁ የተወለደች አንዲት ልጅ ዞር ብላ ሆላንድኛ እየቀላቀለች «ኤኽት? አንቺ ሞዴል ነበርሽ?» አለቻቸው። «እውነት?» ማለቷ ነው። ሳቁ ባሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የማውቀው እኔ ነኛ! አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? መቼ? የትኛው ፎቅ? ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ አይደለም? እኔ ግን ሰንጠረዤን አየሁ። እሳቸውን የማስገባበት ቦታ አልነበረውም። ፈገግ ብዬ፣ «ምናልባት ተምታቶብዎት ይሆናል» አልኳቸው። በአንቱታ ነው ያልኩት። አክብሬ ነው ውሸታም ያደረግኳቸው።

ስወጣ ትራም ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አልተቆጡም። መደብሩ ከመከፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ያጸዱ እንደነበር፣ አንድ ቀን ፎቶ አንሺው የሚጠብቃት ሞዴል ስትዘገይ ለብርሃን መለኪያ ብሎ እሳቸውን ኮቱን አልብሶ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ እንዳቆማቸው ነገሩኝ። ማስታወቂያው ሲወጣ ፎቶው የእሳቸው ሆኖ ተገኘ። የነበራቸው ወረቀት ቤት ሲቀይሩ ጠፋ፤ መደብሩም ተዘጋ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ። ወረቀት የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ፈልጊልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ትራሙ መጣና ተሳፈሩ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ቆመው ሄዱ።

ትምህርቴ በዚያው ዓመት ትንሽ መጽሐፍ ሆነ። አምስተርዳምና ዴን ሃግ ያሉ የታሪክ መምህራን ወስደው አስተማሩበት፤ አመሰገኑኝ። «አንዲትም አልነበረችም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በደማቁ ተጽፋለች።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ሥዕል ልመርጥ አምስተርዳም ወደሚገኝ አንድ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። በንባብ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የድሮ የመደብር ማስታወቂያዎች ያሉበትን ሣጥን ከፍቼ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። መካከሉ ላይ እትዬ ዘርፌ ነበሩ። ኮቱ ቢጫ፣ ኮሌታው የተከፈተ፣ ሦስቱ ረድፍ ንቅሳት ቁልጭ ብሎ የሚታይ። የሚስቁ አይመስሉም፤ አንድ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ዞር ያሉ ይመስላሉ። ከሥሩ «ለየትኛውም ቀንሽ» ይላል።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ደነገጥኩ። አሰብኩ፦ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተሳስቻለሁ ልል ነው። ለመምህራኑ ልጽፍ ነው። ወረቀቱን በነበረበት ቦታ፣ ቅደም ተከተሉን ሳላዛባ መለስኩት። ሥርዓት እወዳለሁ። በስልኬ ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም።

በሳምንቱ እሑድ እትዬ ዘርፌ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አገኘሽልኝ?»

«አላገኘሁም» አልኩ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ እኔ፣ «አላገኘሁም» አልኩ።

ሁለት ጊዜ ደግመው ጠየቁኝ። ሁለቴም ዋሸሁ። ከዚያ መጠየቅ ተዉ። ሰዉ «ሞዴሏ መጣች» እያለ ሲቀልድ እሰማ ነበር፤ እሰማና ሻዬን አማስል ነበር። ቀስ በቀስ እትዬ ዘርፌ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ መግባት አቆሙ። ብቻቸውን ወደ ትራሙ ሲሄዱ በመስኮቱ አያቸው ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው መሀል ተቀምጬ ብቻዬን ነኝ፤ ይህን ግን እንዲታዘንልኝ አልጽፈውም። እሳቸውን ብቻቸውን ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር አረፉ። ለቅሶው ላይ የእህታቸው ልጅ ከሻማው ጎን የምታቆመው ፎቶ ፈልጋ አጣች። ከመታወቂያቸው ላይ ያለውን አስፍታ አመጣች፤ የደበዘዘ፣ የደከመ ፊት። «ወጣት ሆነው የተነሱት አንድም የለም?» እያለች እየዞረች ጠየቀች። እኔንም ጠየቀችኝ። በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት የት ሣጥን ውስጥ፣ ስንተኛው ወረቀት ላይ እንዳሉ አውቃለሁ። «የለም» እንደ ማለት አንገቴን ነቀነቅኩ። ሞተውም ዋሸሁባቸው። በዚያ ቀን ምን ፈርቼ ነበር? ማን ሊስቅብኝ?

አሁን ቅጂውን አስመጥቻለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በአርባቸው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አሳያለሁ፣ መጽሐፌንም አርማለሁ። ይህን እንደ ንስሐ አትቁጠሩልኝ። በሕይወት ሳሉ «በሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ» ያልኩባቸው እሑዶች ብዙ ናቸው። ሰው ሁሉ ቢያያቸው እንኳ፣ ማየት የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። አላሳየኋቸውም። ወጣት ስለነበርኩ አይደለም፣ ስለረሳሁም አይደለም። ሰንጠረዤ እንዳይበላሽ ነው።

በር ላይ ቆመው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ አዎ፣ እትዬ ዘርፌ። አግኝቼዋለሁ።