የእኩልነት ክበብና የኮሚናሉ ቁልፍ

የእኩልነት ክበባችን የተመሠረተው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኛ ብሎክ ሥር፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። መሥራቹ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረቤቴ ነበር። ቦሌ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ በየጊዜው ሆቴል ይገባና ሥልጠና ይወስዳል፤ ከየሥልጠናው አንድ ቦርሳ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ አዲስ ቃል ይዞ ይመለሳል። ቦርሳው ለሚስቱ፣ እስክሪብቶው ለልጆቹ፣ ቃሉ ለእኛ ነው። ያን ሰሞን የደረሰን «አካታችነት» ነበር።

ዘጠኝ ሆነን ተሰበሰብን። ሊቀመንበር እሱ ሆነ። ስለ ሴቶች ተሳትፎ ግማሽ ሰዓት ያህል ካስረዳን በኋላ ጸሐፊዋ ሴት ትሁን ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተማሪ ስለሆንኩ ጽሑፍሽ ያምራል አሉኝ። ጽሑፌን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። ቢሆንም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዓላማችን ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን ነው ተባለ። ከዚያ ድምፅ የሌለው ሰው መፈለግ ነበረብን፤ ብዙም ሳንርቅ የደረጃ ጽዳት ሠራተኛዋን አገኘን። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የአራት ብሎክ ደረጃ ይጠርጋሉ፣ ይወለውላሉ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ከዘጠኛችን አንዳችንም ስማቸውን አናውቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋብዘን ከፊት ወንበር ሰጠናቸው። ሊቀመንበሩ ከጎናቸው ቆሞ ፎቶ ተነሣ።

የዕለቱ አጀንዳ የክበቡ ቢሮ ነበር። ኮሚናል የምንለው የጋራ ሕንፃ፣ ለበዓል በሬ የምንጥልበት፣ ለቅሶ ሲኖር የምንቀመጥበት፣ ከታች አንድ ትርፍ ክፍል አለው። ግቢው ውስጥ ከየቤታችን ውጪ ያለው ብቸኛ ሽንት ቤት ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ የሚጠቀሙት በሱ ነበር። አላወቅንም ልል እችላለሁ፤ ግን ባልዲያቸውን በር ላይ አስቀምጠው ሲገቡ ስንቴ አይተናቸዋል።

ሊቀመንበሩ ክፍሉ ቢሮ ይሁን፣ ለክበቡ ባነርና ለወንበሮቹ ደኅንነት ሲባልም ይቆለፍ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አንዱ አባል «የምለውን ቀድመውኛል» ብሎ ጀመረና ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ሌላው «እንደ እኔ እንደ እኔ» እያለ ያንኑ ደገመው። እትዬ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንዴ የዚህን፣ አንዴ የዚያን አፍ ያያሉ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ» አለ። ዘጠኛችንም እጃችንን አወጣን። እትዬም ዘግየት ብለው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አወጡ።

«እትዬም ደግፈዋል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ፊቱ በርቶ። «ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

አጨበጨብን። እጃቸው ትንሽ እንደተሰቀለ ቆየ። ከዚያ አወረዱትና፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ነውር መስሏቸው ይሆናል፣ እሳቸውም አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የጽዳት ሠራተኞች ተወካይም በሙሉ ልብ ደግፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። «በሙሉ ልብ» የምትለውን ከራሴ ነው የጨመርኳት፤ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ የለ።

ቁልፉን ሊቀመንበሩ ያዘው። ሌሊት ሳይነጋ በሚኒባስ ወደ ቦሌ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የኮሚናላችን ቁልፍም አብሮት ቦሌ ይውላል።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ወደ ሱቅ ወርጄ ስመለስ፣ እትዬን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ጎንበስ እንዳሉ፣ ጨርቃቸውን እየጨመቁ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን የጻፍሽው ላይ እኔን ምን አለች ይላል?»

«ደግፈዋል ይላል፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ እጄን ያወጣሁት ለመናገር ነበር። ተራ ይሰጡኛል ብዬ። ክፍሉን ውሰዱት፣ ሽንት ቤቱን ብቻ ተዉልኝ ልል ነበር።» ጨርቁን ዘርግተው መወልወላቸውን ቀጠሉ። «አሁን ጠዋት ሻይም ውሃም ትቻለሁ። ኩላሊቴ ላይ ይወጋኛል። ሥራ እስክጨርስ እንግዲህ ይዤ ነው የምውል።»

መጀመሪያ በሊቀመንበሩ ተናደድኩ፤ ያ ቀላል ነው። ከዚያ ያቺ «በሙሉ ልብ» ትዝ አለችኝ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ የክበቡ ቋንቋ ሆነ።

«በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እናስይዘዋለን» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉት።

ባልዲያቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው መንገድ ለቀቁልኝ። ቤቴ ከቆምንበት ስድስት ደረጃ ብቻ ከፍ ይላል፤ ያን ቀን ደግሞ ውሃ መጥቶ ነበር። የወለወሉትን እርጥብ ደረጃ እየረገጥኩ ወጣሁና በሬን ከውስጥ ቆለፍኩ።