ግብር ቁረጡብኝ ያለችው

በአንድ ክንዷ አራት ሳህን ስለምትሸከም «አራት ሳህን» እንላት ነበር። አብረን በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጆች ነበርን። ደመወዛችን ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ያኖረን ደንበኛ የሚተውልን ጉርሻ ነበር። ጉርሻን ደግሞ መዝገብ አያውቀው፣ ግብር አይነካው፤ ከሽርጥ ኪስ ወደ ቦርሳ ገብቶ አለቀ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አክስቷን ጠይቃ መጣችና በቀጥታ ባለቤቱ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ ጉርሻዬን ከደመወዜ ጋር ይመዝግቡልኝ። ግብሩም የጡረታውም ይቆረጥ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ነካሽ ልጄ? ሰው ከግብር ይሸሻል፣ አንቺ ና ብለሽ ትጠሪዋለሽ?»

«አክስቴም አስተናጋጅ ነበሩ። ጡረታቸው የታሰበው በደመወዛቸው ብቻ ነውና ለመድኃኒት እንኳ አልበቃቸውም። እኔስ ጉልበቴ ሲከዳኝ ማን አለኝ?»

እኛ ወጥ ቤት ሆነን በሳቅ ሞትን። እኔማ «አንቺ ሞኝ፣ የገዛ ጉሮሮሽን አነቅሽ!» አልኳት። ጋሼም እንደ አሠሪ የሚከፍሉት የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር ሳምንት ሙሉ አጉረመረሙ። ግን ደንበኛው ሁሉ የሚጠራው እሷን ነው፤ ምን ያድርጉ፣ ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ እኔ በየበዓሉ አዲስ ጫማ ስገዛ እሷ አሮጌውን ታሰፋ ነበር።

ይኸው አረጀን። የእኔ ጡረታ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። እሷ ግን ወር በገባ ቁጥር ሻይና ኬክ ትጋብዘኛለች። ስንነሳ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ትሰጥና «የኔ ልጅ፣ አስመዝግቢው እሺ?» ትላታለች።

ልጅቷም ልክ እንደ እኔ ትስቃለች።